ጀሪካን ውስጥ የከረመ ቤንዚን

ጥያቄ፦ ለጀነሬተርና ለሣር ማጨጃ ሞተር ብለን የገዛነው ቤንዚን ተርፎ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችን ውስጥ በሁለት ጀሪካን ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በአንደኛው ያለው ጠቆር ብሏል፤ ሽታውም ተለውጦ ይከረፋል። ባለቤቴ «ጓሮ እናፍስሰውና ፀሐይ ያድርቀው» ይላል፤ ጎረቤታችን ደግሞ «እሳት ማያያዣ ይሆነኛልና ለእኔ ስጡኝ» ብለውናል። እኔ ግን ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ምን ብናደርገው ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም ሐሳብ አለመቀበልዎ ትክክል ነው። ከጎረቤትዎ ጥያቄ እንጀምርና፣ ቤንዚን እሳት ሲነካው የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ትነት ነው። ነጭ ጋዝ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት የሚሰጠው 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ሲሆን፣ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ ይህን ያህል ትነት ያወጣል። በነጭ ጋዝ እሳት ማያያዝ የለመደ ሰው ቤንዚኑን አርከፍክፎ ክብሪት እስኪጭር ድረስ ትነቱ ዙሪያውን ይሞላዋል፤ ነበልባሉም የሚነሳው ከማገዶው ብቻ ሳይሆን ከቆመበት ቦታ ጭምር ነው። በነጭ ጋዝ ምድጃ ወይም ፋኖስ ውስጥ መጨመርማ ከዚህም የባሰ ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎን ቅር ቢላቸውም አይስጧቸው።

የባለቤትዎ ሐሳብ ብዙዎች የሚጋሩት ነው፤ ፈሳሹ ዓይናችን እያየ ስለሚጠፋ የጠፋ ይመስለናል። ትነቱ ግን ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፤ እሳት ያለበት ቦታ ሲደርስም ተቀጣጥሎ ነበልባሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። በአየር ውስጥ 1.4 በመቶ ያህል ብቻ መኖሩ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ሳይተን አፈር ውስጥ የሰረገው ደግሞ በውስጡ ያለውን፣ ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀውንና ኬሚስቶች በእንግሊዝኛ «benzene» የሚሉትን ኬሚካል ይዞ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊወርድ ይችላል።

መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያ ወይም የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ መድፋትም እንዲሁ አይሆንም። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀልና ከውሃ ጋር ስለማይቀላቀል ላዩ ላይ ተንሳፍፎ በቱቦው ይጓዛል፤ ትነቱም በዝግ ቱቦ ውስጥ ይታፈናል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሜክሲኮ ጓዳላሃራ ከተማ ከተበላሸ የነዳጅ መስመር ያፈተለከ ቤንዚን ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ ገብቶ ባስከተለው ፍንዳታ በርካታ ኪሎ ሜትር የሚሆኑ መንገዶች ተገነጣጥለዋል፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። የእርስዎ ሁለት ጀሪካን እዚህ ደረጃ እንደማይደርስ ግልጽ ነው፤ ይሁንና ከአንድ ቤት ወለል ሥር ለሚያልፍ ጠባብ ቱቦ ጥቂት ሊትርም ብዙ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ። በደንብ በተከደነ ዕቃ የተቀመጠ ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሞተር ለማስነሳት የሚረዳው ቀላሉ ክፍል ተንኖ ይቀንሳል፤ የቀረው ደግሞ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይፈጥራል። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን የሞተር ክፍል፣ ካርቡረተርን፣ የሚደፍነው ይኸው ዝቃጭ ነው። ኤታኖል የተባለው አልኮል የተቀላቀለበት ከሆነ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ሲበዛም ኤታኖሉና ውሃው አንድ ላይ ተለይተው ከሥር ይተኛሉ። እንግዲህ አሮጌ ቤንዚን ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ከመወሰንዎ በፊት ማየት ያስፈልጋል።

ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው፣ ጓንት አድርገው ከእያንዳንዱ ጀሪካን ጥቂት በንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ ይቅዱ። ብርጭቆውንም ከዚያ በኋላ ለመጠጥ አይመልሱት። ለጥቂት ደቂቃ አቁመው ወደ ብርሃን አቅጣጫ ይመልከቱት። ደኅናው ቤንዚን ጥርት ብሎ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ይሆናል። ከሥሩ ለብቻው የተለየ ፈሳሽ ከተኛ ውሃ ገብቶበታል፤ የዝገት ቅንጣት ከታየ፣ ከደፈረሰ፣ ወይም ጠቁሮ የሚኮመጥጥ ሽታ ካመጣ ተበላሽቷል ማለት ነው። ከጻፉልን ምልክት ስንነሳ፣ አንደኛው ጀሪካን ያለ ጥርጥር ከተበላሸው ወገን ነው።

ሁለተኛው ጥርት ያለና ውሃ የሌለበት ሆኖ ካገኙት መጣል አያስፈልገውም። በቤንዚን በሚሠራ መኪና ሰልባትዮ ውስጥ በአዲስ ነዳጅ አቅጥኖ ማቃጠል ይቻላል፤ 40 ሊትር በሚይዝ ሰልባትዮ ሁለት ሊትር ያህል አሮጌ ጨምሮ የቀረውን በአዲስ መሙላት ሞተሩን አያስቸግረውም። መኪናው አዲስ ከሆነ ወይም የዋስትና ጊዜው ካላለፈ ግን እኔ በበኩሌ ለጥቂት ሊትር ነዳጅ ብዬ ነዳጁን ወደ ሞተሩ በሚረጨው ኢንጀክተር ላይ አልጫወትም። በናፍጣ መኪና ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይጨመርም።

የተበላሸው መሄድ ያለበት ለሚቀበለው አካል ነው። ብዙ ከተሞች ከቤት የሚወጣ አደገኛ ቆሻሻ የሚረከቡበት ጣቢያ ወይም የተወሰነ የመቀበያ ቀን አላቸው፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ወይም ለእሳት አደጋ መከላከያ ደውሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ይህ ከሌለ የተበላሸ ነዳጅ ለብቻው የሚያጠራቅም ጋራዥ ይፈልጉ። ጋራዥ በር ላይ ካለው የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ግን ሳያስታውቁ እንዳይደፉት፤ ዘይቱ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሚሆን የሚረከቡትን ሰዎች ለአደጋ ያጋልጣል።

ሲያጓጉዙት ለነዳጅ በተሠራ ጀሪካን፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ቀጥ ብሎ የቆመና እንዳይገለበጥ የታሰረ ይሁን። ሙቀት ስለሚያስፋፋው እስከ አፉ አይሞላ። የመኪናውን መስኮት ከፍተው በቀጥታ ይሂዱ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም ትተውት አይውረዱ። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲገለብጡ ሁለቱም መሬት ላይ ይቀመጡ፤ በፍጥነት የሚወርድ ቤንዚን በፍትጊያ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ስለሚችል ቀስ ተብሎ ይቀዳ። በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣትን የለመዱ ሰዎች አሉ፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ጠብታ ከባድ የሳንባ ጉዳት ያመጣልና ይህን ልማድ ይተዉት።

ስለ ባዶው ጀሪካን አልጠየቁም፤ ነገር ግን መነገር አለበት። ባዶ የሚመስለው ዕቃ በትነትና በአየር ድብልቅ የተሞላ ስለሆነ ከሞላው ይልቅ በቀላሉ ይፈነዳል። ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ቢረከቡዎት ጥሩ ነው። የብረት ከሆነ «ባዶ ነው» ብሎ መቁረጥ ወይም መበየድ ስንት ሰው የጎዳ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ቤንዚን ስቀዳ ሲሚንቶው ወለል ላይና ልብሴ ላይ ፈሰሰብኝ። ወለሉን በውሃ አጠብኩት፤ ልብሱን ግን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ለማስገባት ፈራሁ።

መልስ፦ ስለ ልብሱ መፍራትዎ ተገቢ ነው። የማሽኑ ሞተርና የማድረቂያው ሙቀት ትነቱን ሊያቀጣጥሉት ይችላሉ። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ ደጅ ይሰቀል፤ ከዚያ ለብቻው በእጅ ይታጠብ፤ ሽታው እንቢ ካለ ግን ልብሱን መተው ይሻላል። ቆዳዎን የነካውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠቡት። ወለሉን በውሃ ማጠብ ቤንዚኑን ከመግፋት በቀር አያጠፋውም። ሌላ ጊዜ በርና መስኮት ከፍተው፣ በአካባቢው ያለውን እሳት አጥፍተው፣ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ፣ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር ይበትኑበት፤ ቤንዚኑን ከመጠጠ በኋላ ጠርገው ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ደጅ ያስቀምጡትና ከአደገኛ ቆሻሻ ጋር ያስረክቡት።

ጥያቄ፦ ትርፍ ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ማስቀመጥ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ያ ፕላስቲክ ለነዳጅ ስላልተሠራ ሊለሰልስና ሊያፈስ ይችላል። ከዚያ የሚብሰው ግን ሕፃን ልጅ ውሃ ወይም ለስላሳ መስሎት መጠጣቱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ልጁን ለማስመለስ አይሞከር፤ ቤንዚኑ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባልና፤ ዕቃውን ይዞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ነው።