ፀሐይን ተራራ ሥር መቁጠር

ጥያቄ፦ ናይትሮጅንና ፕሮቶን ተዋህደው ኦክስጅን የሚሆኑበት የፀሐይ አፀግብሮት ጣሊያን ውስጥ ተራራ ሥር ተለክቷል ሲባል አነበብኩ። ምኑ ነው የሚለካው? የተቆጠረው ከሌላ ነገር አለመሆኑስ በምን ይታወቃል? (የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ የሚለካው ጉልበቱ የታወቀ ፕሮቶን ናይትሮጅን 14ን ሲገጥም ወደ ኦክስጅን 15 የመለወጥ ዕድሉ ነው። ይህ ዕድል በየጉልበቱ ከታወቀ፣ በፀሐይ ሙቀት ፕሮቶኖች ካላቸው የፍጥነት ስርጭት ጋር አባዝቶ መደመር የወረቀት ሥራ ነው። አስቸጋሪው የዕድሉ ማነስ ነው። በግራን ሳሶ ተራራ ሥር በሚገኘው ቤተ ሙከራ ሉና የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን 400 ኪሎ ቮልት ማፍጠኛውን ይዞ እስከ 70 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (በጋራ ክብደት ማዕከል ሲሰላ) ወርዷል፤ እዚያ ዕድሉ 0.24 ፒኮባርን (የአፀግብሮት ዕድል የሚለካበት እጅግ ትንሽ አሃድ) ሲሆን የተገኘው በቀን 11 ቆጠራ ያህል ነበር። ፀሐይ ውስጥ አፀግብሮቱ በብዛት የሚካሄደው ግን 27 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። በዚያው መሣሪያ እዚያ ድረስ እንውረድ ቢባል አንድ ቆጠራ ለማግኘት በግምት 500 ዓመት መጠበቅ ነው! ስለዚህ ፕሮቶኑና ናይትሮጅኑ እርስ በርስ የሚገፋፉበት የኤሌክትሪክ ግፊያ የሚያመጣው ቅነሳ በስሌት ይወጣና የቀረው፣ ኤስ ፋክተር የሚባለው ቀስ ብሎ የሚለወጥ ቁጥር፣ ወደ ታች ይዘረጋል።

በቀን 11 ብቻ ሲቆጠር ከሰማይ የሚዘንበው ሙዮን (ኤሌክትሮን መሰል ግን ከባድ ቅንጣት) ሁሉን ይውጠዋል። የተራራው 1,400 ሜትር ድንጋይ ሙዮኑን በሚሊዮን እጥፍ ይቀንሰዋል። ድንጋዩ ራሱ ጋማ ጨረር ቢያወጣም ጨረሩ ከ3 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ነው፤ የእኛ አፀግብሮት የሚለቀው 7.3 ስለሆነ አይነካካም። በናይትሮጅኑ ጋዝ ዙሪያ ያለው የቢስመዝ ጀርማኔት ክሪስታል ጋማዎቹን ደምሮ በጉልበት ግራፉ ላይ በአንድ ጉብታ ያሳያቸዋል።

ናይትሮጅኑ በ1 ሚሊባር ግፊት ያለ ጋዝ ነው። መስኮት የለውም፤ ስስ ሽፋን እንኳ የፕሮቶኑን ጉልበት ይበላልና፣ የሚያመልጠው ጋዝ በተከታታይ ፓምፖች ይመጠጣል። ስንት ፕሮቶን እንደመጣ ለማወቅ እዚህ ላይ አምፔር ሜትር አይታመንም፤ ፕሮቶኑ ከጋዙ ኤሌክትሮን እየነጠቀ ቻርጁን ያጣል። የሚለካው ሙቀት ነው። ፕሮቶኖቹ የሚያርፉበት ብረት በማሞቂያ 70 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ ተይዞ ይቆያል፤ ፕሮቶን ሲመጣ ማሞቂያው ሥራው ይቀልለታል። ለምሳሌ የቀነሰው 20 ዋት፣ የሚደርሰው ፕሮቶን ጉልበትም 100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነ 200 ማይክሮ አምፔር፣ ማለትም በሴኮንድ 1,250 ትሪሊዮን ፕሮቶን ነው። ጋዙ ውስጥ የጠፋውን ጉልበት መቀነስ እንዳይረሳ። ፕሮቶኖቹ ባለፉበት መስመር ጋዙ ሞቆ ይሳሳል፤ ይህ ካልታረመ የናይትሮጅኑ ብዛት ከእውነቱ በላይ ይሆናል።

የጉልበት ስሕተት ከሁሉ የከፋ ነው። በ70 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ የ1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት መዛነፍ ዕድሉን በ17 በመቶ ገደማ ያፋልሳል። ለማረጋገጫ 278 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ፕሮቶን ላይ ያለው፣ የአፀግብሮቱ ዕድል በድንገት የሚያሻቅብበት ሹል ጫፍ ምቹ ነው፤ ቦታው በሚገባ ይታወቃል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ዋናው ጠላት ቆሻሻ ነው። ብረቱ ላይ የተለጠፈ ካርቦን 13 ፕሮቶን ሲመታው 7.55 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይለቃል፤ ክሪስታሉ ያንን ከ7.3 አጥርቶ አይለይም። ቦሮን 11 ደግሞ 16 ላይ ጉብታ ያወጣና ጭራው ወደ ታች ይወርዳል። መፍትሔው ናይትሮጅኑን አውጥቶ ሂሊየም በማስገባት በዚያው ጉልበት መቁጠር ነው። አሁንም የሚታየው ከቆሻሻው ነው፤ ይቀነሳል።

ጥያቄ፦ ልኬቱ የከዋክብትን ዕድሜ ቀየረ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ውጤት ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው በግማሽ ያህል አነሰ። ይህ አፀግብሮት ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን በሚፈራረቁበት ዑደት ከሁሉ ዝግተኛው ስለሆነ የዑደቱን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው። ሉላዊ የኮከብ ክምችቶች ዕድሜ የሚሰላው ኮከቦቻቸው ከዋናው መስመር (በማዕከላቸው ሃይድሮጅን ከሚያቃጥሉበት የዕድሜ ምዕራፍ) በሚወጡበት ድምቀት ነው፤ በአዲሱ ቁጥር ያው ድምቀት የሚያመለክተው ከ0.7 እስከ 1 ቢሊዮን ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ሆነ። ከፀሐይ የሚጠበቀው የዑደቱ ኒውትሪኖም (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ ቅንጣት) በዚያው ልክ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ኒውትሪኖው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚያው ተራራ ሥር በነበረው የኒውትሪኖ መመልከቻ፣ ቦሬክሲኖ፣ መያዙ ተገለጸ።