የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ለማጥናት ለምትነሱ ወጣቶች

በዲፕሎማሲ፣ በጋዜጠኝነት ወይም በፖለቲካ ሳይንስ ለመሠማራት የምታስቡ ልጆቼ፤ የአንድን አሜሪካዊ ፕሬዚዳንት የውጭ ፖሊሲ ልታጠኑ ስትቀመጡ መጀመሪያ ለሥልጣን ያበቃውን ቃል ፈልጉ። ከዚያ ያን ቃል የት እንደጠበቀው፣ የት እንዳጠፈው፣ መጠበቁም ማጠፉም ምን እንዳስከፈለው አገር በአገር ነጥላችሁ ጻፉ። ለዚህ ከጂሚ ካርተር የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ የኛም ታሪክ እዚያው ውስጥ አለ። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

ካርተር በ1975 መጀመሪያ የጆርጂያ ገዥነቱን ሲያስረክብ ከደቡብ ውጭ ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። የኦቾሎኒ ነጋዴ፣ ቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን። ያኔ የፓርቲ ዕጩ መምረጡ የሚጀመርባትን፣ ሌሎቹ ዕጩዎች ችላ ያሏትን የአዮዋን ክፍለ ግዛት ያዘና በደጋፊዎቹ ቤት እያደረ ከተማ ለከተማ ዞረ። በጥር 1976 ውጤቱ ሲቆጠር አንደኛ የወጣው ለማንም ያልወሰነው ወገን ነው፤ 37 በመቶ ገደማ። ካርተር ያገኘው 28 በመቶ ያህል ነበር፤ ጋዜጦቹ ግን አሸናፊ ያደረጉት እሱን ነው። የምርጫ ውጤት ስታነቡ ቁጥሩን በአንድ ዓምድ፣ ስለ ቁጥሩ የተወራውን በሌላ ዓምድ አስፍሩ፤ ለዕጩው ገንዘብና ደጋፊ የሚያመጣለት ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። በኅዳር በሥልጣን ላይ የነበረውን ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን 297 ለ240 በሆነ የወኪል መራጮች ድምፅ አሸነፈ። በቬትናም ጦርነትና በዋተርጌት የፖለቲካ ቅሌት ለተጎዳ ሕዝብ የገባው ቃል ደግሞ እውነት መናገርና በውጭ ጉዳይ ሰብዓዊ መብትን ማስቀደም ነበር።

ቃሉ ቶሎ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በየካቲት 1977 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይረስ ቫንስ ለአርጀንቲና፣ ለኡራጓይና ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ርዳታ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት እንደሚቀነስ ለሴኔት አስታወቁ። በሚያዝያ ደርግ አሥመራ ያለውን የቃኘው የመገናኛ ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘግቶ ሠራተኞቹን በጥቂት ቀናት ውስጥ አስወጣ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ቃኘው በዚያን ጊዜ የቀድሞ ጥቅሙ አልነበረውም፤ ሳተላይት ሥራውን እየተካው ስለነበር አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሊዘጉት ወስነው ነበር። ስለዚህ በኢትዮጵያ ላይ ቃልን መጠበቅ ብዙ አያስከፍልም ነበር። በዚያው ዓመት በመጨረሻዋ ዕለት ግን ካርተር ቴህራን ላይ ለኢራን ንጉሥ ለሻሁ ጽዋ አንሥቶ ኢራንን የመረጋጋት ደሴት ብሎ አወደሳት። ኢራን ነዳጅ ነበራት፤ በሶቪየት ድንበርም የሚሳይል ሙከራ መከታተያ ጣቢያዎች ነበሩባት። ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ሳያስቀምጥ ስለ ካርተር ሰብዓዊ መብት የሚጽፍ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው።

ቀጥሎ በፕሬዚዳንቱ አጠገብ ማን እንደተቀመጠ ተመልከቱ። ሶማሊያ በሐምሌ 1977 ኦጋዴንን ስትወር፣ በኋላም የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደር ወደ ኢትዮጵያ ሲጎርፍ፣ የደህንነት አማካሪው ዝቢግኒው ብሬዚንስኪ የጦር መርከብ ወደ አካባቢው እንዲላክ ይወተውት ነበር። ቫንስ ጉዳዩን የአካባቢ ጠብ አድርጎ ስለያዘው ከሶቪየት ጋር ከሚደረገው የኑክሌር መሣሪያ ድርድር ጋር እንዳይቆራኝ ተከራከረ። በመርከቡ ነገር ቫንስ ረታ። በመጋቢት 1978 የሶማሊያ ጦር ሲወጣም ክርክሩ አልበረደም። «አሜሪካ እንዲህ አሰበች» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ እጃችሁን ያዝ አድርጉና ከሁለቱ የትኛው እንዳሰበ ጻፉ።

ድርድርን መማር የሚሻ በፕሬዚዳንቱ ማረፊያ በካምፕ ዴቪድ የተደረገውን የግብፅና የእስራኤል ድርድር ያጥና። በመስከረም 1978 ነበር፤ 13 ቀን ፈጀ። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳትና የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤጊን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊት ለፊት ሲገናኙ ስለተካረሩ ካርተር ለያያቸው። አሜሪካኖቹ አንድ ረቂቅ ጽፈው ለአንዱ ወስደው ያስተካክላሉ፣ ለሌላው ወስደው ያስተካክላሉ፤ ረቂቁ ከ20 ጊዜ በላይ ተጽፏል። በመጨረሻዋ ቀን ቤጊን ሊሄድ ሲል ካርተር የቤጊንን የልጅ ልጆች ስም በየፎቶግራፉ ላይ አንድ በአንድ ጽፎ ሰጠው፤ ሰውየው ስሞቹን እያነበበ እንባው መጣ። ውሉን ያስገኘው ግን ፎቶግራፉ ብቻ አይደለም፤ በሲና ሰፈራዎችና በኢየሩሳሌም ጉዳይ የተደረገው የቃላት ማለዘብ ጭምር ነው። ቦዩን ለፓናማ የሚያስረክበው የፓናማ ቦይ ውል ሴኔቱን በ68 ለ32 ማለፉንም ልብ በሉ፤ ለማለፍ 67 ያስፈልግ ነበር።

በአብዮት ከሥልጣን የተባረረው ሻሁ በጥቅምት 1979 ለሕክምና ኒው ዮርክ ሲገባ የካርተር ዕዳ ደረሰ። ኅዳር 4 ቴህራን ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ተያዘ፤ 52 ሰዎች 444 ቀን ታገቱ። በሚያዝያ 1980 ሊያስጥሏቸው 8 ሄሊኮፕተሮች ተነሡ። አንዱ የሚሽከረከረው ክንፉ እንደተበላሸ የሚጠቁም ማስጠንቀቂያ ታይቶበት በረሃ ላይ ተተወ፣ አንዱ በአቧራ ምክንያት ተመለሰ፣ አንዱ ደግሞ መገናኛው ቦታ ደርሶ ሃይድሮሊኩ ተበላሸ። ዕቅዱ ከ6 በታች አይቀጥልም ይል ነበር፤ 5 ቀሩ፣ ተሰረዘ። ሲመለሱ አንዱ ሄሊኮፕተር ከማጓጓዣ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ወታደሮች ሞቱ። ዕቅዱን የተቃወመው ቫንስ ሥልጣኑን ለቀቀ። ብዙ ጸሐፊ ይህን ዕድለ ቢስነት ይለዋል፤ እኔ የመጠባበቂያ ማነስ ነው እላለሁ። 6 የግድ ለሚያስፈልግ ሥራ፣ በዚያ አቧራና በዚያ ርቀት፣ 8 ይዞ መነሣት ሁለት ብልሽት ብቻ ይፈቅዳል።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዚያን ዘመን ሰነዶች በጥራዝ አሳትሟል፤ ስለ አፍሪካ ቀንድ የተለየ ጥራዝ አለው፣ በነፃ ይነበባል። ከ1978 መጀመሪያ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች ጀምሩ፤ የቫንስንና የብሬዚንስኪን ንግግር በሁለት ቀለም አስምሩበት።