«ከጊዜ ወደ ጊዜ» አንዳንዴ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከእንግሊዝኛ ስተረጉም «ፍሮም ታይም ቱ ታይም» የሚለውን ሁልጊዜ «ከጊዜ ወደ ጊዜ» እለዋለሁ። ሰሞኑን «ሕመሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይሰማታል» ብዬ ብጽፍ አራሚዬ ሰርዘው «አልፎ አልፎ» አደረጉት። ቃል በቃል ያው አይደለም ወይ?

መልስ፦ አራሚዎ ልክ ናቸው። ቃላቱ አንድ በአንድ ይገጥማሉ፤ ሐሳቡ ግን አይገጥምም። እንግሊዝኛው የሚናገረው አንዳንዴ ብቅ ብሎ መልሶ ስለሚጠፋ ነገር ነው። የእኛው «ከጊዜ ወደ ጊዜ» ግን ሽቅብ ወይም ቁልቁል የሚወስድ መንገድ ነው። «ሕመሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ…» ብሎ የጀመረ አንባቢ ጆሮው የሚጠብቀው «እየባሰባት መጣ» የሚለውን ነው። ለአስታማሚ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ አንዱ መጥቶ የሚሄድ ሕመም ነው፣ ሌላው የሚጠና።

ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱም ያው ወጥመድ አለ። «ንባቡ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ መጣ» የሚለውን በ«ፍሮም ታይም ቱ ታይም» ቢጽፉት፣ ልጁ አንዳንድ ቀን ብቻ የተሻለ ያነበበ ይመስላል። እዚያ የሚያስፈልግዎ «ግራጁዋሊ» ወይም «ኦቨር ታይም» ነው።

ነገሩን ካነሱት አይቀር፣ በአማርኛ የቀስታ ዕድገት ዋና ማደሪያው ግሡ ነው። «እየጨመረ መጣ» ሲሉ «እየ» እና «መጣ» ተጋግዘው ሒደቱን ጨርሰውታል። ስለዚህ «ቀስ በቀስ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ መጣ» ብሎ መደረብ ዐረፍተ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያጠራውም። አንዱን ይምረጡ። እኔ ብሆን «እያደር»ን እመርጣለሁ። «አደረ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ሌሊት በሌሊት ላይ ሲደረብ ይታያል። «ውሎ አድሮ» ወንድሙ ቢመስልም ሥራው ሌላ ነው፤ ሒደቱን ትቶ መድረሻውን ያሳያል። «እያደር እውነቱ እየታወቀ መጣ» ስንል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ተገልጧል፤ «ውሎ አድሮ እውነቱ ታወቀ» ስንል ግን ቆይቶ በአንድ ቀን ወጥቶም ሊሆን ይችላል።

ቁጥር ሲገባ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እንግሊዝኛው በ«ባይ» (የተጨመረውን መጠን) እና በ«ቱ» (የተደረሰበትን ቁጥር) የሚለየውን እኛ በ«በ» እና በ«ወደ» ለመለየት እንሞክራለን። 20 የነበሩ ተማሪዎች 30 ከሆኑ ጭማሪው 10 ነው። «በ30 ጨመሩ» ብለው ከጻፉ ግን 50 አደረሷቸው ማለት ነው። «ወደ 30 ጨመሩ» ቢሉም አልዳኑም፤ «ወደ 30 ሰው መጣ» ስንል «30 ያህል» ማለታችን ስለሆነ፣ አንባቢው 30 ገደማ አዲስ ተማሪዎች ተጨመሩ ብሎ ሊረዳው ይችላል። መነሻውን ካልጠቀሱ «ወደ» ብቻውን አይበቃም። «ከ20 ወደ 30 አደጉ» ወይም በቀላሉ «30 ደረሱ» ይበሉ።