ለ14 የኤልኢዲ መብራቶች አንድ ዲመር ይበቃል? ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ

እኅታችን ከኮምቦልቻ የጠየቁት፣ በሳሎናቸው የጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ያሉትን 14 ባለ 7 ዋት የኤልኢዲ ስፖቶች በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሚያበሩ፣ በማብሪያው ቦታ «400 ዋት» የሚል ዲመር (የብርሃን መቀነሻ) ቢያስገቡ ይበቃ እንደሆነ ነው። 14 በ7 ሲባዛ 98 ዋት ስለሚሆን «ይተርፋል እንጂ አያንስም» የሚልዎት ሰው አይጠፋም። እኔም ደሴ ውስጥ ይህን ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት እንዲሁ እመልስ ነበር።

ከዚህ አስተሳሰብ ያወጣኝ ፒያሳ አካባቢ የሠራሁት የአንድ ካፌ መብራት ነው። 10 ባለ 7 ዋት አምፖሎችን በአንድ 600 ዋት ዲመር ላይ አሰርኩ። በሙሉ ብርሃን ሲበራ እንከን አልነበረውም፤ ባለቤቱ ማታ ብርሃኑን ሲቀንሱት ግን አምፖሎቹ ይርገበገቡ፣ ዲመሩም እንደ ንብ ጥዝ ይል ጀመር። የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፤ ለውጥ አልመጣም። ጥፋቱ የማይስማሙ ዕቃዎችን ማጣመሬ ነበር።

በብዙ ዲመሮች ላይ የሚጻፈው ትልቁ የዋት ቁጥር ለድሮው ባለ ክር አምፖል የተሰጠ ነው። ኤልኢዲ አምፖል በውስጡ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክል ትንሽ ሰርኪዩት ስላለው፣ በተለይም በበራበት ቅጽበት ከመደበኛ ፍጆታው ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል ለአፍታ ይስባል። ከዚህም ሌላ የርካሽ አምፖሎች ፓወር ፋክተር (ከመስመሩ ከሚስቡት በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ብዙ ጊዜ 0.5 አካባቢ ስለሆነ፣ የእርስዎ 98 ዋት ለዲመሩ ወደ 196 ቮልት አምፒር (ዲመሩ የሚሸከመው ጠቅላላ ጭነት) ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ለኤልኢዲ ተብሎ ለብቻው የተጻፈ ቁጥር ይፈልጉ። ከሌለ፣ እኔ የትልቁን ቁጥር ሩብ እንኳ እንደ ጣሪያ አድርጌ ነው የምይዘው፤ በዚህ ስሌት የእርስዎ 400 ዋት ወደ 100 ይወርዳል፣ 98 ዋት ደግሞ ጫፉ ላይ ነው። በትክክል ለኤልኢዲ 150 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቢያገኙ ይሻላል።

ሰው የሚዘነጋው የታችኛውን ወሰን ነው። አብዛኛው ቤታችን ውስጥ ወደ ማብሪያው ሳጥን የሚወርደው ፌዝ (ኃይል ያለበት ገመድ) እና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ገመድ ብቻ ስለሆነ፣ ኒውትራል (ዑደቱን የሚዘጋው ገመድ) የማያገኘው ዲመር ራሱን የሚያንቀሳቅሰው በአምፖሎቹ በኩል በሚያልፈው ኃይል ነው። ዝቅተኛ ጭነቱ 40 ወይም 60 ዋት ከሆነና አምፖሎቹ ጥቂት ከሆኑ ይርገበገባሉ፤ አንዳንዶቹ ዲመሮች ላይ ደግሞ ጠፍተውም ጭል ጭል ይላሉ። ለእርስዎ 14 አምፖሎች ይህ የሚያሰጋ አይደለም፤ ነገር ግን ነገ ግማሹን ለሌላ ማብሪያ ልክፈል ቢሉ ያስታውሱት። በካፌው ከ10ሩ አምፖሎች አንዱን በባለ ክር አምፖል ተክቼ መርገብገቡን ቀንሼው ነበር፤ ሠርቷል፣ ቁጠባው ግን የት ገባ?

ዋናው ምርጫ የአሠራሩ ዓይነት ነው። በገበያ በርካሽ የሚገኘው ዲመር የኤሌክትሪኩን ሞገድ ከመጀመሪያው እየቆረጠ ከመሃል ድንገት ይለቃል። የእኛ መስመር 50 ኸርዝ በመሆኑ ይህ ድንገተኛ ምት በሴኮንድ 100 ጊዜ የአምፖሉን ሰርኪዩት ይመታል፤ ጥዝታውም ከዚያ ይመጣል። ሁለተኛው ዓይነት ከዜሮ ጀምሮ በእርጋታ ያስገባና መጨረሻውን ይቆርጣል፤ ለኤልኢዲ የሚስማማው በአመዛኙ ይህኛው ነው። ለመለየት ዲመሩ ላይ የተጻፉትን የላቲን ፊደላት ይመልከቱ፦ «አር» (R) እና «ኤል» (L) ብቻ ካሉ የመጀመሪያው፣ «አር» እና «ሲ» (C) ብቻ ካሉ ሁለተኛው ነው፤ ሦስቱም ካሉ ለሁለቱም ይሆናል።

ዲመሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አምፖሉ ብርሃኑ የሚቀነስ ዓይነት ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ ካርቶኑ ላይ ይህ በግልጽ መጻፍ አለበት። 14ቱም የአንድ ፋብሪካና የአንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ሦስት አራት መጠባበቂያም አብረው ይግዙ። የካፌው ባለቤት በኋላ የተቃጠሉ ሦስት አምፖሎችን በሌላ ዓይነት ሲተኩ፣ ዲመሩ ሲቀነስ ሦስቱ ቀድመው እየጠፉ ሌሎቹ ይበሩ ነበር። በኮርኒሱ ዙሪያ ባለ 12 ቮልት ስትሪፕ (እንደ ሪባን የሚለጠፍ የኤልኢዲ መብራት) ካለም ከዚሁ ዲመር ጋር አያገናኙት፤ የራሱ ዲመር ከአዳፕተሩ በኋላ ይግባለት።

ሳሎኑ ሁለት በር ካለው በአንደኛው ላይ ዲመር፣ በሌላኛው ላይ ተራ የሁለት አቅጣጫ ማብሪያ ይሁን፤ ሁለት ዲመር በአንድ መስመር ላይ አይሠራም። ዲመር ስለሚሞቅም፣ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት በመሆኗ፣ ሁለት ዲመሮችን በአንድ ሳጥን ውስጥ ማጨናነቅን አልመክርም።

ገመድ ከመንካትዎ በፊት ብሬከሩ ይውረድ፣ በቴስተርም ይረጋገጥ፤ አንዳንድ ቤት ውስጥ በፌዝ ፈንታ ኒውትራሉን በማብሪያው ያሳለፈ ባለሙያ ስለሚያጋጥመን፣ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አያስተማምንም። ከተገጠመ በኋላ ብዙዎቹ የኤልኢዲ ዲመሮች ያላቸውን የዝቅተኛ ብርሃን ማስተካከያ ብሎን ማታ፣ ኃይሉ በሚወርድበት ሰዓት ያስተካክሉት፤ ቀን ላይ የተስተካከለው ማታ ሊጠፋብዎ ይችላል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ቀንሰው ያጥፉት፣ እዚያው ደረጃ ላይ መልሰው ያብሩት፣ ሁሉም አምፖሎች እኩል ከበሩና ዲመሩ ዝም ካለ ሥራው ተሳክቷል።

ባለ 400 ዋቱን ዲመር ገዝተውት ከሆነ ጽሑፉን ያንብቡት፤ «አር» እና «ኤል» ብቻ ካለው ለባለሱቁ ይመልሱለትና፣ የሚለውጡትን ዲመር መመለስ እንዲችሉ ተስማምተው ከአንድ አምፖል ጋር አስቀድመው ይሞክሩት፤ ቀጥሎም ከ14ቱ ጋር፤ አንድ አምፖል ብቻ ሲኖር የሚታየው መርገብገብ የጭነት ማነስ ሊሆን ስለሚችል በዲመሩ ላይ ለመፍረድ አይቸኩሉ።