ግቢው በመኪና ተሞልቶ ገንዘብ ለምን ይጠፋል?

ወንድሜ፣ «ጋራዤ ሁሌም ሙሉ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ደሞዝ መክፈል ይቸግረኛል። ዋጋ ልጨምር ወይስ አንድ መካኒክ ልቀንስ?» ብለሃል። እኔም በዚሁ ጭንቀት ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለቱንም ከማድረግህ በፊት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሸጥ፣ ማለትም ደንበኛ የሚከፍልበት የሥራ ሰዓት ስንት እንደሆነ፣ ቁጠር።

ያኔ ሁለት መካኒኮች ነበሩኝ። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በድምሩ 96 ሰዓት ይሠራሉ። አንድ ሳምንት ደብተር ይዤ እያንዳንዱን ሥራ ስመዘግብ ደንበኛ የከፈለበት 51 ሰዓት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የቀረው የት ገባ? መካኒኩ ራሱ መለዋወጫ ሊገዛ ይወጣና ይቀራል። «እስቲ ድምፁን ስማልኝ» ላለ ሁሉ ኮፈን ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት በነጻ ይታያል። ባለፈው ሳምንት የሠራነው ፍሬን እየጮኸ ይመለሳል። እኔ ደግሞ የሰዓት ዋጋዬን ያወጣሁት ኪራዩን፣ ደሞዙን፣ መብራቱን ደምሬ ለ96 በማካፈል ነበር። ወጪዬ ግማሽ ያህሉ ብቻ እየተመለሰልኝ መኪናው በበዛ ቁጥር ድካሙ ብቻ ይጨምር ነበር።

አንተም ወጪህን በተሸጠው ሰዓት አካፍለው። ቁጥሩ ያስደነግጥሃል፤ ግን ሁሉንም ደንበኛው ላይ አትጫነው፤ መጀመሪያ የባከነውን ሰዓት መልስ። መካኒክ መቀነሱንም እርሳው፤ ሰዓቱን የሚያመርትልህ እሱ ነው። መለዋወጫ ሌላ ሰው ይግዛ። ዕቃው እጅህ ሳይገባ መኪና አትፍታ። እኔ አንዴ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት፣ ማለትም ማሸጊያው፣ «ነገ ይመጣል» ተብዬ ሞተር ፈታሁ፤ መኪናው 11 ቀን ማንሻው (ሊፍቱ) ላይ ተቀመጠ። ብሎኖቹ በጣሳ፣ ቴስታታው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሌሎች ደንበኞች እያዩ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ለመለዋወጫው ቀብድ ሳልቀበል ሥራ አልጀምርም።

ለምርመራም አስከፍል። ደንበኛው ሥራውን እዚያው ካሠራ የምርመራውን ዋጋ ከሒሳቡ የሚቀንሱለት አሉ፤ እኔ አልቀንስም። ብልሽቱን ማግኘት ብዙ ጊዜ ከመጠገኑ የበለጠ እውቀት ይጠይቃል።

መለዋወጫ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ስሌት አለ። በ100 ገዝተህ በ130 ስትሸጥ 30 በመቶ ያተረፍክ ይመስልሃል። ከሽያጩ እጅህ የሚቀረው ግን 23 በመቶ ገደማ ነው፤ 30 በመቶ እንዲቀርህ በ143 መሸጥ አለብህ። የተበላሸ ዕቃ ስትተካ የምታወጣው ከዚችው ትርፍ ነው። ደንበኛው ዕቃ ራሱ ገዝቶ ከመጣ ግጠምለት፤ ለዕቃው ዋስትና እንደማትሰጥ፣ ዳግም ከተፈታም የእጅ ዋጋ እንደሚከፈል ግን አስቀድመህ ወረቀቱ ላይ ጻፍ።

ወረቀት ስል፣ መኪና ሲገባ የሚሞላ ቅጽ ማለቴ ነው። ደንበኛው ችግሩን በራሱ አፍ እንደነገረህ ጻፈው፤ «ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል» ካለ እንደዚያው። ኪሎሜትሩን፣ የነዳጁን መጠን፣ ጭረቱን መዝግበህ አስፈርም። እኔ ሲገባ የተሰነጠቀ ስፖኪዮ ማስረጃ ስላልነበረኝ ከኪሴ ገዝቼ ተክቻለሁ፤ አሁን አራቱንም ጎን ፎቶ አነሳለሁ። ከተስማማችሁበት ውጭ ሌላ ብልሽት ካገኘህም ሳትነካው ደውልለት። ሳይጠየቅ የተሠራ ሥራ፣ እውነትም አስፈላጊ ቢሆን፣ ሲከፈል ያጣላል።

ለራስህም ደሞዝ ቁረጥ። ከዕለቱ ገቢ እያነሳህ ለቤት ከወሰድክ ጋራዡ ያትርፍ ይክሰር በፍጹም አታውቅም። ዱቤውንም ተመልከት፤ ለወዳጅ ዘመድ «ነገ እከፍላለሁ» እየተባለ የወጣው መኪና ስንት ነው? እኔ ስደምረው የሁለት ወር ኪራይ ሆኖ አገኘሁት።

ሰኞ ደብተሩን ጀምር። መካኒኮችህ የተቆጣጠርካቸው እንዳይመስላቸው ለምን እንደምትቆጥር አስቀድመህ ንገራቸው፤ የእኔዎቹ ምክንያቱን ሲያውቁ የባከነውን ሰዓት ከእኔ በፊት እነሱ ያገኙት ጀመር።