ለባሌ ያልኩትን ጎረቤት በቲቪ ሰማው

ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ። ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ነገርሽን ባጭሩ ልበለው፦ ባልሽ አስተማሪ ነበር፣ ሁለት ልቦለድ አሳትሞ እምብዛም ሳይሸጥለት ቆይቶ አንድ ፕሮዲውሰር ሲደውልለት አዲስ አበባ ገባ፣ አሁን የተከታታይ ድራማ ስክሪፕት ይጽፋል፣ ብሩም ስሙም መጣ፣ አንቺ ከልጆቹ ጋ እዛው ነሽ። ባለፈው ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ ድራማው ሲታይ ሴትየዋ ለባሏ «አንተኮ ለዚህ ቤት እንግዳ ሆነሃል፣ እግር አጥቤ ማሳደር ነው የቀረኝ» አለች፣ ይሄ ደሞ አንቺ ፋሲካ ላይ ለሱ ያልሽው ነው። ሁሉም ሳቀ፣ አንቺ ጀበናውን ይዘሽ ጓዳ ገባሽ። «ወይ ስራውን ይተው ወይ ልፍታው» ትያለሽ።

ርቀቱ ብቻ ትዳር ያፈርሳል ብዬ አላምንም። ሩት ፕራወር ጃብቫላ የምትባል ደራሲ ነበረች፣ በልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1975 የቡከርን ሽልማት ወሰደች፣ በስክሪፕት ደሞ ሁለት ኦስካር፣ እሷ ኒው ዮርክ ስትገባ አርክቴክት ባሏ ዴልሂ ቀርቶ ለዓመታት እየተመላለሱ ነው የኖሩት፣ ትዳሩ ግን አልፈረሰም። (የናንተ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ የአባይ በረሃ ቢያደክምም።)

አንቺን ያቃጠለሽ ገመናሽ ሳትጠየቂ አደባባይ መውጣቱ ነው፣ እውነትሽን ነው። ልቦለድ ሲጽፍ ጊዜ ነበረው፣ ያንቺንም ቃል ቢወስድ ሲሰርዝ ሲደልዝ ሌላ ሆኖ ነበር የሚወጣው፣ ድራማ ግን ክፍሉ በየሳምንቱ ይጠበቃል፣ ዳይሬክተሩ ይቆጣል፣ ሰው ሲጣደፍ ደሞ እጁ ላይ ያለውን ነው የሚያነሳው። ይሄን ስልሽ ልክ ሰራ ማለቴ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽኝም፣ ድራማው ላይ ሰውየው ምን ብሎ መለሰላት? ፋሲካ ላይ «ዝም አለኝ» ብለሻል፣ ዝምተኛ ባል አፉ እምቢ ያለውን እዛ ጽፎት ይሆናል፣ ጓዳ ስለገባሽ አልሰማሽውም። ክፍሉን ብቻሽን ሆነሽ ድጋሚ እዪው።

ከዛ ሲመጣ፣ በስልክ ሳይሆን ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ «እኔ ያልኩትን ከመስጠትህ በፊት አሳየኝ፣ እምቢ ካልኩ አውጣው» በይው። ሽማግሌ ለጊዜው አትላኪ፣ ሽማግሌ ከገባ እሱ ተከሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ በቃ አይናገርም። ይሄንንም አልሰማም ካለ ያኔ የፍቺውን ጥያቄ አምጪልኝ፣ አሁን ገና ነው።