የፐንክ ሮክ ድምፃዊው ሄንሪ ሮሊንስ ለእርዳታ ያወጣው አልበም የትኛው ነው? በቀድሞ ባንዱ በብላክ ፍላግ ስም ፈልጌ አጣሁት።

በብላክ ፍላግ ስም ፈልገህ ያጣኸው አልበም «ራይዝ አቦቭ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው፤ ከብላክ ፍላግ በኋላ ባቋቋመው በሮሊንስ ባንድ ስም ፈልገው። 24ቱም ዘፈኖች የብላክ ፍላግ ስለሆኑ ግራ ቢገባህ አይገርምም። ሄንሪ ሮሊንስ ዋሽንግተን ውስጥ አይስክሬም ቤት እየሠራ ነው በ1981 ብላክ ፍላግ የገባው። ባንዱ በ1986 ፈረሰ።

የአልበሙን ገቢ ሮሊንስ ራሱ አልወሰደውም። የሄደው ለ«ዌስት ሜምፊስ ሦስቱ» የፍርድ ቤት ወጪ ነው። እነዚህ በአርካንሳስ በሦስት ልጆች ግድያ በ1994 የተፈረደባቸው ወጣቶች ናቸው፤ አንዱማ ሞት ተፈርዶበት ነበር። ማስረጃው ያላሳመነው ሰው ብዙ ነው። በ2011 ተፈቱ።

ሮሊንስ ብቻውን አልዘፈነም። የሮክ ዘፋኞቹ ኢጊ ፖፕና ሌሚ፣ የብላክ ፍላግ የመጀመሪያ ድምፃዊ ኪት ሞሪስም አሉበት። ለኔ ጆሮ የሞሪስ ይበልጣል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ደርቲ ፕሮጀክተርስ የሚባል ባንድም በ2007 በዚሁ ስም አልበም አውጥቷል፤ እሱም የብላክ ፍላግን ዘፈኖች በራሱ መንገድ የሠራበት ነው። እኔ ርዕሱን ብቻ አይቼ ገዛሁትና ጩኸት ስጠብቅ ለስለስ ያለ ዜማ መጣብኝ። ከመክፈልህ በፊት የባንዱን ስም እይ።